ምናለሽ ተራ፦ ውዳቂ ብረትና የተሳሳቱ ግምቶች

«ቆራሌው!» የሚል ጥሪ የማይሰማበት የአዲስ አበባ ሰፈር ማግኘት ይቸግራል። ጆንያ ያንጠለጠለው ሰብሳቢ ያረጀ ድስት፣ የዛገ ቆርቆሮና የተሰበረ የአልጋ ብረት እየለቀመ መርካቶ ያደርሳል፤ ከዚያ ብዙው ውዳቂ ብረት ዳግም ወደሚሠራበት ምናለሽ ተራ ይገባል። ስለዚህ ንግድ የሚወራው ብዙ ነው፤ ታሪክ ሲመረመር ግን የማይጸናው አያንስም።

አንዱ ወሬ ያገለገለን ብረት መልሶ መሥራት በቅርቡ ከውጭ የመጣ ፈሊጥ ነው ይላል። በየአንገቱ የሚታየው የድሮ ብር መስቀል ይህን ያፈርሰዋል። ከእነዚህ መስቀሎች ብዙዎቹ ማርትሬዛ ብር ቀልጦ የተሠሩ ናቸው። ገንዘቡ መቼም ይመታ መች፣ የሚታተምበት ዓመት እ.ኤ.አ. 1780 ነበር፤ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከዚያ ውስጥ 83 በመቶው ንጹሕ ብር ነው። መጠኑና ጥራቱ ስለማይዋዥቅ አሠሪው ገንዘቡን ቆጥሮ ይሰጥ፣ አንጥረኛው አቅልጦ መስቀል ወይም አምባር ያደርግለት ነበር። ጌጡ ሲያረጅ ደግሞ ተመልሶ ይቀልጣል።

ሁለተኛው ግምት ውዳቂ የሚቀጠቅጥ ሰው የጥንቱን ሙያ ያወረደ ነው የሚል ነው። ቀድሞ ቀጥቃጩ ብረቱን ከአፈር ያወጣ እንደነበር እውነት ነው። በደቡብ ምዕራብ የዲሜ ሕዝብ በዚህ የታወቀ ነበር። ማዕድኑ ተለቅሞ ከከሰል ጋር ምድጃ ውስጥ ይገባ፣ በወናፍ ሲነፋ ይውል ነበር፤ ብዙ ደን ተቃጥሎ የሚገኘው ብረት ግን ጥቂት ነበር።

የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ የውጭ ብረትም በገፍ መግባት ጀመረ። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ መንገድ ዘረጋ፣ የጭነት መኪና አግተለተለ፣ የሐበሻውንም ገበያ ከአራዳ አንስቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወረ። መኪናው ሲሞት ክብደቱን የሚሸከመው የብረት ምላስ፣ ባሌስትራው፣ ቀረ፤ በርሜሉም ነዳጁ ሲያልቅ ባዶውን ተገኘ። ቀጥቃጩ ማዕድን ፍለጋ ተራራ መቆፈሩን የተወው ሙያው ስለጠፋበት ሳይሆን የተሻለ ብረት ደጁ ድረስ ስለመጣለት ነው።

ባሌስትራ እንዲያው ተራ ብረት አይደለም። ካርቦኑ ከግማሽ በመቶ ስለሚበልጥ በሙቀት ይጠነክራል። ቀጥቃጩ እሳት ውስጥ አግብቶ እስኪቀላ ይጠብቃል፣ በጉጠት ይዞ መስፍ ላይ ያሳርፈዋል፣ በመዶሻ እያሳሳ የመጥረቢያ ወይም የማጭድ ቅርጽ ይሰጠዋል፤ በመጨረሻም ስለቱን ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። በተራ ፌሮ የተሠራ ማጭድ ግን እንዲህ ቢደረግም ቶሎ ይዶለዱማል።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ባለሙያ ለዘመናት «ቡዳ» እየተባለ ሲገፋ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያስነግሩም ስድቡ ቶሎ አልጠፋም። የዛሬው ቆራሌ ላይ የሚወርደው ንቀትም ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ይመስላል።

ሦስተኛው ስሕተት የብረቱን ጠባይ ይመለከታል። ዝገት ያለበት ሁሉ የተበላሸ ነው የሚሉ አሉ፤ ዝገቱ ክብደት ይቀንሳል እንጂ የቀረው ብረት ይቀልጣል፣ ይሠራልም። ማግኔት ያልሳበው ብረት አይደለም የሚሉም አሉ፤ ለድስትና ለማንኪያ የሚውለው የማይዝግ ብረት ግን አንዳንዱን ማግኔት ባይስበውም ብረትነቱን አያጣም። የተቃጠለ ሞተር ፈትቶ የመዳብ ሽቦውን የሚነቅለው ልጅም የሳበው ዋጋው ቢሆንም የሥራው ጥቅም ከዚያ ያልፋል። መዳብ ከብረት ጋር አንዴ ከቀለጠ ተለይቶ አይወጣም፤ ብረቱ በፋብሪካ ሲዳመጥ ይሰነጠቃል። ልጁ ሳያውቀው የአቅላጩን ሥራ አቃሎለታል።

አሉሚኒየም ደግሞ ሌላ ትርፍ አለው። ያገለገለውን ማቅለጥ የሚፈልገው ኃይል ከማዕድን ለማውጣት ከሚያስፈልገው 5 በመቶ ያህሉን ነው። የቆርቆሮ መጠጥ ጣሳ ሰብሳቢ የበዛውም ስለሚሸጥ ነው።

የመጨረሻው ግምት ከእነዚህ ሁሉ ተቃራኒው ነው፦ ቀልጦ የተሠራ ሁሉ እሳት ስላጠራው ለምንም ይሆናል የሚል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በካሜሩን ከውዳቂ አሉሚኒየም የተሠሩ ድስቶች ወደ ምግብ እርሳስ እንደሚለቁ አሳይቷል። የሞተር ክፍልና ሌላም ዕቃ አንድ ላይ ሲቀልጥ እርሳሱ አይለይም፣ እሳትም አያስወግደውም። የምናለሽ ተራው ባለሙያ በርሜል በመሮ ሰንጥቆ የሚሠራው የከሰል ምድጃ ከምግብ ጋር ስለማይነካካ ይህ ስጋት የለበትም፤ ሸማቹ መጠየቅ ያለበት ድስት ሲገዛ፣ ብረቱ ምን እንደነበረ ነው።