ራምቦን ውሃው በደለው፤ እኛን አየሩ

እ.ኤ.አ. በ1883 ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ሐረር ተቀምጦ ይነግድ ነበር። ካሜራም አስመጥቶ ነበርና ራሱን ያነሳቸውን ፎቶዎች ለቤተሰቡ ላከ። ምስሎቹ ግን ነጥተው ነበር። ካሜራውን አልወቀሰም፤ የፎቶ ማጠቢያው ውሃ መጥፎ ነው ብሎ ጻፈ።

ዛሬ ሐረር ላይ ሰማይን በቴሌስኮፕ ፎቶ የሚያነሳ ወጣትም እንዲሁ በመሃል የሚገባበት ነገር አለ፤ አየር። ሙቅና ቀዝቃዛ አየር ሲደባለቅ የኮከቡን ብርሃን ያወዛውዘዋል። የዘርፉ ሰዎች ይህን «ሲይንግ» ይሉታል። የሚለኩትም በአርክ ሰከንድ፣ ማለትም በአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው። ሲይንጉ 2 አርክ ሰከንድ በሆነበት ሌሊት፣ ረጅም ጊዜ ወስዶ በሚነሳ ፎቶ ላይ ባለ 30 ሴንቲሜትሩ ቴሌስኮፕ በምስል ጥራት ከባለ 10 ሴንቲሜትሩ ብዙም አይበልጥም። ብዙ ብር አውጥቶ ትልቁን የገዛ ሰው የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው።

ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው መጽሐፉ መፍትሔው ከፍተኛ ተራራ ላይ የሚገኝ የረጋ አየር መሆኑን ጽፏል። እኛም ተራራ አላጣንም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችን 3200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ተክሏል። ነገር ግን ከግርጌው የአዲስ አበባ መብራት፣ በክረምት ደግሞ ደመና አለበት። ለቀጣዩ ኦብዘርቫቶሪ የላሊበላ ተራሮች የታሰቡት ከከተማ መብራት ስለሚርቁ ነው። ከፍታ ብቻውን አይበቃም፤ ቦታ በልኬት ይመረጣል።

ወደ ሐረር እንመለስ። የጀጎል የድንጋይ ግንብና ቤቶች ቀን የያዙትን ሙቀት ማታ ይለቃሉ። የትንበያ ድረ ገጾች የላይኛውን ነፋስ ይነግሩናል እንጂ የጣሪያችንን ሙቀት አያውቁም። አውሮፓ ውስጥ አንዳንድ አማተሮች የሰሜን ኮከብን ሌሊቱን ሙሉ በካሜራ እየተከታተሉ ሲይንግ ይለካሉ። ሐረር ላይ ግን ያ ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል፣ ብርሃኑ ከአናት በላይ ካለ ኮከብ ስድስት እጥፍ ያህል አየር ያቋርጣል። ዘዴውን እንዳለ መቅዳት አያዋጣም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጨረቃ ወይም ፕላኔት ከፍ ሲል አይቶ በአንቶኒያዲ መለኪያ ከ1 እስከ 5 ነጥብ መስጠት ይቻላል፤ 1 እጅግ ጥሩ፣ 5 እጅግ መጥፎ ነው። ሰዓቱንና ቦታውን ደብተር ላይ መጻፍ፤ አንዱን ሌሊት ከጀጎል፣ ሌላውን ከሐኪም ጋራ። ከዓመት በኋላ ያ ደብተር ስለ ሐረር አየር ከትንበያው የተሻለ ይነግረናል።

ራምቦ የውሃውን ነገር ያወቀው ፎቶው ከተበላሸ በኋላ ነው። እኛ ቴሌስኮፑን ከመግዛታችን በፊት አየሩን እንወቅ።