ስለ አንኮበር ጥቂት

ለቅሶ ላይ ስንቀመጥ የአንኮበር ነገር ይነሣል። ልጆቻችን ግን «መናገሻ ነበረች የምትሏት ከተማ የታለች?» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ለደረሰ ሰው የሚታየው ጉም የለበሰ ገደል ነው፤ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ከነበረበት ጉብታ ላይም የቀረው የግንብ ፍርስራሽ ነው።

ቦታው ግን እንዲያው በዘፈቀደ አልተመረጠም። አፋፍ ላይ ስላለ የአፋርን ቆላ ቁልቁል ያያል። ከታጁራ በኩል የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ እግሩን የሚያሳርፈው ከታች አልዩ አምባ ገበያ ነበር፤ ንጉሡ ከላይ ሆነው በሩን ይጠብቃሉ። ደጋው ገብስ ያበቅላል፣ ወገቡ ላይ ያሉት አርጎባዎች ይሸምናሉ፣ ይነግዳሉም። የእንግሊዙ መልክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የወጣው በዚያው አቀበት ነው (እንዴት እንደደከመው አቀበቱን የሚያውቅ ይገምተው)።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱም፣ ወታደሩም፣ ባለ እጁም ቤተ መንግሥቱን ተከትሎ ሄደ። ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በድሬዳዋ በኩል ስለሆነ የታጁራው መንገድ ቀዘቀዘ። በእኛ አስተያየት ከተማዋን ከሁሉ የጎዳት ይኸኛው ነው። ዛሬ የወረዳው መሥሪያ ቤቶች ያሉት ጎረቤላ ነው። ገብሱን የሚዘሩት እዚያው የቀሩት ናቸው፤ እኛ ከወጡት ወገን ስለሆንን ለልጆቻችን ጥያቄ መልስ ያጥረናል።