ካሴቱ፣ ኪቦርዱ እና የጎደለው ባንድ

በስደት በምንኖርበት አገር ሁሉ፣ በሠርግ ወይም በእንቁጣጣሽ ዝግጅት ላይ ዕድሜያቸው ከፍ ካሉ ሰዎች ጋር የተቀመጠ ሰው አንድ አስተያየት ሳይሰማ አይነሣም፤ «ሙዚቃችን ያበቃለት ኪቦርድ የመጣ ዕለት ነው» የሚል። መድረኩ ላይ አንድ ልጅ ከአንድ ኪቦርድ ጋር ቆሟል። ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ሳክስፎኑም ከዚያው ሣጥን ይወጣሉ። ተናጋሪው በዓይነ ኅሊናቸው የሚያዩት ሌላ መድረክ ነው፤ ሙሉ ሱፍ የለበሱ ደርዘን የሚሆኑ ሙዚቀኞች፣ በመብራት የሚያብረቀርቅ ትራምፔት፣ ከኋላ የተደረደሩ የትንፋሽ ተጫዋቾች።

በአስተያየቱ ውስጥ ያለው ሐዘን እውነተኛ ነው። ታሪኩ ግን በከፊል የተሳሳተ ይመስለኛል። ኪቦርዱ የመጣው ባንዱ ከተበተነ በኋላ ነበር፤ የመጣውም የቀረውን ለመያዝ ነው። ዛሬ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» እየተባለ በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም የሚደመጠው ሙዚቃ ሥሩ ከተፈለገ፣ አንዱ ዋነኛ ሥር የሚገኘው ያ የናቅነው የኪቦርድና የካሴት ዘመን ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ባንዱ እንዴት እንደተበተነ እናስታውስ። አምሃ እሸቴ በ1969 የመንግሥት ብቸኛ መብት የነበረውን የሸክላ ኅትመት ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም፣ መጀመሪያ ያሳተመው ዓለማየሁ እሸቴን ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንላቸው ናቸው። በ1974 አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊም ታወጀ። አምሃ በ1975 ከአገር ወጣ። ሙዚቀኛ እንጀራው ያለው በሌሊት ነው፤ ሌሊቱ ሲታጠር የእንጀራ ገመዱም አብሮ አጠረ። የተረፉት በትልልቅ ሆቴሎች የሚሠሩ ባንዶች ሲሆኑ፣ እዚያም ሰው ከሰዓት እላፊው በፊት ይገባና ሲነጋ ይወጣ ነበር። ሸክላውም ቀስ በቀስ ቦታውን ለካሴት ለቀቀ።

በአዲስ አበባ ሂልተን ይሠራ የነበረው ዋልያስ ባንድ ከእነዚህ አንዱ ነው። በኦርጋኑ ላይ የሚቀመጠው ኃይሉ መርጊያ ይባላል፤ ገና በልጅነቱ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ገብቶ ያደገ፣ በመንግሥት ተቋም ሥር ሳይሆን በራሱ በቆመ ባንድ ውስጥ ስሙን የተከለ ሙዚቀኛ። ዋልያሶች በ1977 «ቸ በለው» የተባለውን ግጥም የሌለው አልበማቸውን አወጡ። ግጥም ሁሉ በሳንሱር ዓይን በሚታይበት ጊዜ ቃል የሌለው ሙዚቃ ትንሽ መተንፈሻ ነበር፤ ከአልበሙ «ሙዚቃዊ ስልት» የተሰኘው ቅንብር ከዓመታት በኋላ በብዙ የውጭ አገር ባንዶች ተደጋግሞ ተጫውቷል።

በ1981 ዋልያሶች ለዝግጅት አሜሪካ ሄዱ። ጉዞው ሲያልቅ ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ከፊሎቹ ቀሩ። ኃይሉ ዋሽንግተን ከቀሩት ወገን ነበር።

በ1985 እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ፣ በአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ፣ ኃይሉ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። የትንፋሽ ክፍል የለም፤ ከበሮ የሚመታ ሰው የለም። ያለው ድራም ማሽን፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ዲኤክስ ሰባት፣ የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ እና በልጅነቱ የተማረው አኮርዲዮን ነው። ካሴቱ «ሸሞንሟናዬ» ይባላል። ማሽኑ ሳይደክም አንዱን ምት ይደጋግማል፤ ሲንተሳይዘሩ ከሥር ይጎተታል፤ አኮርዲዮኑ ከላይ ዘፋኙን ተክቶ ያዜማል። ዜማዎቹ ማንም ኢትዮጵያዊ የሚያውቃቸው ዓይነት ናቸው፤ ቃል ግን አይሰማም። አድማጩ ግጥሙን በልቡ ስለሚያውቅ እየሰማ ራሱ ይሞላዋል። ካሴቱ ሁለት ነገር ይጎድለዋል፤ ባንድና ግጥም። ባንዱን ማሽኑ ተካ፤ ግጥሙን ደግሞ የአድማጩ ትዝታ።

ለእኔ ይህ ካሴት ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ኤሌክትሮኒክ አልበሞች አንዱ ነው። ኃይሉ በዚያ ስም አልጠራውም፤ እንዲህ ያለ የሙዚቃ ዘርፍ ለመመሥረትም አልተነሣም። አንድ ሰው ከማሽኖች ጋር ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሙሉ ሙዚቃ የሚሠራበትን መንገድ ግን እኛ ከማንም ፋሽን አልቀዳነውም። ከእጦት ነው ያገኘነው።

ካሴቱ አገር ቤት ተሸጦ ተደመጠ፤ ከዚያም እንደ ማንኛውም ካሴት ተረሳ። ኃይሉ በ1990ዎቹ መጀመሪያ መድረክ አቁሞ ታክሲ መንዳት ጀመረ። በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ እንደሚለማመድ ራሱ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የነዳ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያንን የወረፋ ሰዓት ርዝመት ያውቀዋል። አንዳንዱ ቁማር ይጫወትበታል፣ አንዳንዱ ፖለቲካ ይከራከርበታል። እሱ ጣቶቹ እንዳይረሱ ያደርግበት ነበር።

በዚህ መሐል ዓለም ስለ ሙዚቃችን የሚያውቀው ታሪክ በሌላ በኩል ይጻፍ ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ ማብቂያ የጀመረው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ የአልበም ኅትመት ትልቅ ውለታ ውሏል፤ እነሙላቱ አስታጥቄን፣ እነማሕሙድ አሕመድን ለዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። ሙላቱ በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ተሰማ፤ በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ «የግሌ ትዝታ»ን ሳምፕል አድርገው ዘፈን ሠሩበት። የዚያ ተከታታይ ኅትመት ዋነኛ ትኩረት ግን የሸክላው ዘመን ስለነበር፣ ሳይታሰብ አንድ መለኪያ አበጀልን፤ ትንፋሽ ያለው ሁሉ ወርቅ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ዝገት። ያንን መለኪያ እኛም ተቀበልነው።

በ2001 እጅጋየሁ ሽባባው በስሟ «ጂጂ» የተሰኘውን አልበም በአሜሪካ አወጣች። አቀናባሪው ቢል ላዝዌል ሲሆን፣ እነኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር እና ፋራዖ ሳንደርስ ተሳትፈውበታል። ላዝዌል በ2003 ያንኑ አልበም ከዳር እስከ ዳር ሪሚክስ አድርጎ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ርዕስ አቀረበው። ቀደም ብሎ በቦብ ማርሊና በማይልስ ዴቪስ ሥራዎች ላይ ያደረገውን ነበር የደገመው፤ ዜማውን አላልቶ፣ ቤዙን አጎልቶ፣ ድምፁን በማስተጋባት ውስጥ አርቆ።

እነዚህን ሁለት አልበሞች አከታትሎ የሰማ አማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር ይገጥመዋል። በመጀመሪያው ጂጂ ታሪክ ትናገራለች፣ ትመሰክራለች፣ ትጣራለች። በሁለተኛው ድምፅዋ ከሩቅ ተራራ እንደሚመጣ ጥሪ ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ቃሉ ተበትኗል። ሪሚክሱ መጥፎ ነው አልልም፤ ሌሊት ለብቻ ሲሰሙት የሚያምር ሥራ ነው። ግን የተሠራው አማርኛ ለማያውቅ ጆሮ ነው። «ሸሞንሟናዬ» ላይ ቃሉ የቀረው አድማጩ ስለሚያውቀው ነበር፤ እዚህ የተበተነው አድማጩ ስለማያውቀው ነው። በሰምና ወርቅ ላደገ ጆሮ ልዩነቱ ሰፊ ነው። የሪሚክስን ነገር ስናወራ መጠየቅ ያለብን ጥያቄም ይኸው ይመስለኛል፤ ምን ተቀነሰ? የተቀነሰውንስ ማን ይሞላዋል?

ጥያቄውን የተረከቡት ከአሥር ዓመት በኋላ የመጡ ወጣቶች ናቸው። «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ በ2014 «ቅን ሰው»ን አወጣ። ሚካኤል ሰይፉ ደግሞ አሜሪካ ኒው ጀርሲ ተምሮ አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ በዚያው ዓመት «ያራዳ ልጅ»ን፣ በ2016 ደግሞ «ዘላለም»ን አቀረበ። የሁለቱን የ2014 ሥራዎች ያሳተመው ፎርቲን ሰርቲ ቱ አር የተባለ ዋሽንግተን ያለ አነስተኛ ነጻ አሳታሚ ነው። ኃይሉ ካሴቱን የቀረጸበት ከተማ፣ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ የአዲስ አበባን ልጆች ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ለዓለም የሚያሠራጭ ሆነ።

እነዚህ ልጆች የአዝማሪን ድምፅ፣ ክራርንና ማሲንቆን፣ የመንገድን ጫጫታ ቆራርጠው ከኮምፒውተር ምት ጋር ያዋህዳሉ። እነሱም ድምፅ ይበትናሉ። ከላዝዌል የሚለዩት የሚበትኑት ምን እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው። አንድ የአዝማሪ ቃል ሲደጋገም ክብደቱ የት እንዳለ፣ የማሲንቆው ጭረት የሚናገረው ሐዘን ይሁን ሽሙጥ ያውቁታል። ሙዚቃውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ የጠራውም እንደገና ነው፤ ስሙ ከውስጥ ወጣ።

ይህ ሙዚቃ ግን ለዓመታት ከአገር ቤት ይልቅ በውጭ ጽሑፎችና በውጭ ክለቦች ይታወቅ ነበር። ወደ ሕዝብ የገባው በሮፍናን ኑሪ ነው ማለት ይቻላል። ሮፍናን በአዲስ አበባ በዲጄነት ቆይቶ በ2018 «ነጸብራቅ»ን አወጣ። ግጥሙንም፣ ዜማውንም፣ ቅንብሩንም ራሱ ሠርቶ ራሱ ዘፈነው። ከኮምፒውተር የሚወጣ ምት ላይ ሙሉ የአማርኛ ግጥም ተመለሰ፤ ብዙ ሺህ ወጣት ቃል በቃል አብሮት ዘፈነ። በ1985 በአድማጩ ልብ ውስጥ ብቻ ይዘፈን የነበረው ግጥም አሁን ከአደባባይ ተሰማ። የአንድ ሰውና የማሽን ሙዚቃ ከዚህ ወዲያ «የእጦት ሙዚቃ» ሊባል አይችልም፤ ልጁ ባንድ አጥቶ ሳይሆን መርጦ ነው የሠራው።

በመሐል ያለውን ድልድይም መዝለል አይገባም። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ካሴቶቻችንን ያቀናበሩት እነአበጋዝ ክብረወርቅ ሽዮታ፣ በኋላም እነኤልያስ መልካ፣ በኪቦርድና በኮምፒውተር አንድ ትውልድ ሙሉ ጆሮውን አንጸውለታል። የቴዲ አፍሮን «አቡጊዳ» ያቀናበረው ኤልያስ በ2019 ሲያርፍ፣ ከስንት ተወዳጅ ዘፈን ጀርባ እንደነበረ ብዙዎቻችን ያወቅነው በሐዘኑ ሰሞን ነው። የካሴት ሽፋን የዘፋኙን ስም በትልቁ፣ የአቀናባሪውን በማጉያ መነጽር በሚነበብ ፊደል ይጽፋል። ታሪካችንንም እንደዚያው ጻፍነው።

ስለዚህ ክርክሩ የጣዕም ብቻ አይደለም። የሸክላውን ዘመን የሚሰበስቡ፣ የሚያድሱ፣ የሚጽፉ ሰዎች ተገኝተዋል። የኪቦርድ ዘመን ካሴቶች ግን፣ በተለይ በስደት የተቀረጹት፣ የሚፈልጋቸው ጥቂት ስለሆነ በየቤቱ ምድር ቤትና በየመኪናው ኪስ ውስጥ እያለቁ ነው። የካሴት ክር ዕድሜ አለው፤ ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል፣ ድምፁ እየደበዘዘ ይሄዳል። የተቀረጹባቸው ስቱዲዮዎች ብዙዎቹ ተዘግተዋል፤ ባለቤቶቻቸውም እያረጁ ነው። ካሴት ያለው ሰው ከመጣሉ በፊት ወደ ኮምፒውተር ቢያስገባው፣ ሽፋኑን በሁለት በኩል ፎቶ ቢያነሣው፣ የአቀናባሪውንና የስቱዲዮውን ስም ጽፎ ቢያስቀምጥ፣ ይህ ራሱ ታሪክ መጻፍ ነው።

ኃይሉን የመለሰችው እንዲህ ያለች አንዲት ካሴት ናት። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮዊትዝ፣ የአፍሪካ ካሴቶችን እየሰበሰበ የሚያሳትመው ሰው፣ «ሸሞንሟናዬ»ን ባሕር ዳር ውስጥ አገኛት፤ ባለቤቱን ፈልጎ ስልክ ደወለ። ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል በመካፈል ደንቡ መሠረት በ2013 ዳግመኛ ታተመች። ገዝተው ያደመጧት በብዛት የኢንዲና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ወዳጆች ናቸው፤ ብቻውን ከማሽን ጋር የሚሠራ ሰውን ድምፅ ወዲያው አወቁት። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አዲስ ቀረጸ።

በዚያን ጊዜ ካሴት ቤቶቻችን ያልተሸጠ ካሴት ላይ ሌላ ዘፈን መቅዳት ልማዳቸው ነበር። ባሕር ዳር ያለችው ካሴት ላይ አንድ ሰው በስተኋላ የወጣ ተወዳጅ ዘፈን ቀድቶባት ቢሆን ኖሮ፣ ኃይሉ ዛሬም በደለስ ወረፋ ላይ ኪቦርዱን ለራሱ ብቻ ይጫወት ነበር ይሆናል።