ቦንጋ እና ካፋ፦ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን እወቁ

ቦንጋ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ቡና ነው። ልክ ነው። ግን ቡናው ዛሬ ድረስ በዱር የሚገኘው ጫካው ስላለ ነው፤ ጫካው ያለው ደግሞ የጠበቀው ሕዝብ ስላለ ነው። ወደ ካፋ ለመሄድ የምታስቡ ከሆነ ስለ ቦታው፣ ስለ ታሪኩና ስለ ነዋሪዎቹ ማወቅ ያለባችሁን በአጭሩ አዘጋጅተንላችኋል።

የት ነው? እንዴት ይኬዳል?

ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በወልቂጤና በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከጅማ ሲነሱ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። በአውሮፕላን እስከ ጅማ ሄዶ ቀሪውን በመኪና መጨረስም ይቻላል። የጎጀብን ወንዝ ከተሻገራችሁ ካፋ ገብታችኋል ማለት ነው።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ፣ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች አነስተኛ ከተማ ናት። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች።

ዝናቡ የዋዛ አይደለም፤ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ይዘንባል። ለእግር ጉዞ የሚመቸው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። የቡና ለቀማ ማየት የምትፈልጉ ግን ከጥቅምት ጀምሮ ብትሄዱ ይሻላል።

የራሱ መንግሥት የነበረው ሕዝብ

የአካባቢው ሰፊ ሕዝብ ካፈቾ ይባላል፤ ቋንቋው ካፊ ኖኖ ነው፣ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች የሚመደብ። በዞኑ ናኦና ጫራን የመሳሰሉ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆነ ሕዝቦችም ይኖራሉ።

ካፋ ለዘመናት ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር። ንጉሡ «ታቶ» ይባል ነበር፤ እሱም ብቻውን አይወስንም፣ ሚክሬቾ የሚባል የአማካሪዎች ጉባኤ ነበረው። በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደጊዮርጊስ የሚመራው የአፄ ምኒልክ ጦር ዘመተበት። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሻሮቾ ለወራት ሲከላከል ቆይቶ በመጨረሻ ተማረከ፤ ወደ አገሩም ሳይመለስ አረፈ። ይሄ ለካፋ ሰው ሩቅ ታሪክ አይደለም። ስለዚህ አስጎብኚያችሁ ሲያነሳው በጥሞና አዳምጡ።

ከተማው ውስጥ ቦንጌ ሻምበቶ የሚባለው ቦታ ከዚሁ መንግሥት ጋር የተያያዘ ነው። የካፈቾ ዘመን መለወጫ «ማሽቃሮ» በመስከረም የሚከበረውም እዚያው ነው። ጉዟችሁን ከበዓሉ ጋር ካገጣጠማችሁት አለባበሱን፣ ጭፈራውንና የሽማግሌዎቹን ምርቃት በአንድ ቦታ ታያላችሁ። ማደሪያ ግን አስቀድማችሁ ያዙ።

ቡናው እና ጫካው

«ኮፊ» የሚለው ስም ካፋ ከሚለው መጣ የሚሉ አሉ፤ ከዐረብኛው «ቀህዋ» ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አላለቀም። ካፈቾዎች ራሳቸው ቡናን «ቡኖ» ነው የሚሉት። የማያከራክረው ነገር አረቢካ ቡና በተፈጥሮ የበቀለው በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ውስጥ መሆኑ ነው። ዛሬም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል።

ጫካው እንዲሁ በዕድል የተረፈ እንዳይመስላችሁ። ቀድሞ «ኮቦ» በሚባለው ሥርዓት ቤተሰብ ከጫካው የራሱ ተብሎ የሚታወቅ ክፍል ነበረው፤ ቡና የሚለቅመውም፣ ቀፎ የሚሰቅለውም እዚያው ነው። ለአምልኮና ለምስጋና የተለዩ፣ ዛፋቸው የማይቆረጥ ቦታዎችም ነበሩ፣ አሁንም አሉ። በ1967ቱ አዋጅ መሬት የመንግሥት ሲሆን ይህ የባለቤትነት ሥርዓት ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሰፈራው፣ የሻይና የቡና እርሻው፣ የማገዶ ፍላጎቱ ተደራርቦ ጫካውን ገፋው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ነዋሪው ተደራጅቶ ጫካውን ከመንግሥት ጋር በጋራ የሚያስተዳድርበት አሠራር በቦንጋ አካባቢ ተጀመረ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ ካፋን ከያዩ ጋር በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዘገበው፤ ስፋቱ ከ500,000 ሄክታር በላይ ነው።

ባዮስፌር ማለት ሰው የማይደርስበት አጥር ማለት አይደለም። የማይነካ ማዕከል አለው፤ ዙሪያውን ቡናና ማር በጥንቃቄ የሚሰበሰብበት ክልል አለ፤ ከዚያ ውጭ እርሻና መንደር ነው። እንግዳም የት እንደሚገባና የት እንደማይገባ መጠየቅ አለበት።

ምን ይታያል?

• ብሔራዊ የቡና ሙዚየም፦ እዚያው ቦንጋ ነው።
• ማኪራ፦ በዴቻ ወረዳ የሚገኝ የጫካ ቡና ቦታ ነው። «እናት ቡና» የሚሏት ዛፍ ያለችው እዚህ ነው። ዝናብ ከጣለ መንገዱ ያስቸግራል፣ ጠንካራ ጫማ ያዙ።
• የእግዜር ድልድይ፦ ተፈጥሮ የሠራችው የድንጋይ ድልድይ።
• ባርታ ፏፏቴ እና አለምጎኖ ረግረግ፦ ወፍ ማየት ለሚወድ አለምጎኖ ይመረጣል።
• ውሽውሽ፦ በሚዛን መንገድ ላይ ያለው ሰፊ የሻይ እርሻ።
• አዲዮ፦ ደጋ ነው። የቦንጋ በግ የሚባለው፣ ወንዱም ሴቱም ቀንድ የሌለው ዝርያ በብዛት የሚረባበት አካባቢ ነው።

በጫካው ውስጥ ጉሬዛ ማየት የተለመደ ነው። ከምግቡ ደግሞ የእንሰት ቆጮ፣ ከመጠጡ ጠጅ እንዳያመልጣችሁ።

በጉብኝት መጽሔት ላይ የማታገኙት

ካፋ ውስጥ ለጫካው ከማንም በላይ የቀረበው ማንጃ (ማንጆም ይባላሉ) የሚባለው ማኅበረሰብ ነው። ቋንቋቸው ያው ካፊ ኖኖ ነው። በአደን፣ በማር፣ በማገዶና በከሰል ሽያጭ ሲተዳደሩ ኖረዋል። ሌላው የማይበላውን የዱር ሥጋ ይበላሉ ተብሎ ለረጅም ዘመን ተገለዋል፦ አብሮ አለመብላት፣ ቤት አለማስገባት፣ አለመጋባት። ትምህርት ቤቱም፣ ቤተ እምነቱም፣ ሕጉም ብዙ ለውጥ አምጥቷል፤ ግን አልቋል ማለት አይቻልም።

ይሄን ለምን አነሳነው? ጫካው ሲጠበቅ አደኑና ከሰሉ ይከለከላል። ክልከላው መጀመሪያ የሚነካው ሌላ መሬትና ሌላ ሥራ የሌለውን ሰው ነው። ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሆቴልና መኪና ጋ ይቀራል። ጫካው እንዲቆይ ከተፈለገ፣ ጫካ ዳር ያለው ሰው ከቆረጠው ዛፍ ይልቅ ከቆመው ዛፍ የሚጠቀምበት መንገድ መኖር አለበት። እዚህ ላይ እንግዳም ድርሻ አለው።

ስትሄዱ

1. አስጎብኚ ከዞኑ ባህልና ቱሪዝም ጠይቃችሁ ያዙ። ወደ ጫካ ስትገቡ ደግሞ የዚያው ቀበሌ ሰው ይጨመር፤ ክፍያውንም በእጁ ስጡት።
2. ማር፣ ኮረሪማ፣ ጥምዝና ቡና ከለቀመው ሰው ወይም ከገበሬ ማኅበራት ግዙ። ዋጋ ተከራከሩ፣ ግን አታዋርዱ።
3. ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ በተለይ በምስጋና ሥርዓት ላይና በተከበሩ ዛፎች ሥር።
4. «ማንጃ ናቸው፣ እዚያ አትሂዱ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በጨዋነት እለፉት። ቡና ሲቀርብላችሁ ጠጡ፣ ቆጮም ሲቆረስላችሁ አብራችሁ ብሉ።
5. ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ እዚያው ላለ ሰው ደውላችሁ አጣሩ።

ሁለት ቀን ለከተማውና ለአቅራቢያው ይበቃል። ማኪራንና አዲዮን ለመጨመር ግን አራት ቀን ያዙ። መልካም ጉዞ!