የቀዩ ኤሪክ አረንጓዴ ምድር

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ፣ በአይስላንድ ደሴት፣ ቀዩ ኤሪክ የሚባል ሰው ነበር። ነፍስ አጠፋና ለሦስት ዓመት ተጋዘ። እሱም መርከቡን ወደ ምዕራብ አዞረ። እ.ኤ.አ. በ982 አካባቢ ግግር በረዶ ከተጫነው ሰፊ ምድር ደረሰ፤ በደቡብ በኩል፣ ባሕሩ ዘልቆ በገባባቸው ሸለቆዎች ዳር፣ ሣር ለምልሞ አገኘ። ስሙ ካማረ ሰው ይከተለኛል ብሎ «አረንጓዴ ምድር» አለው። ግሪንላንድ ማለት ይኸው ነው።

ግዞቱን ሲጨርስ ተመልሶ ሰው ሰበሰበ። 25 መርከቦች ተነሡ፤ የደረሱት ግን 14 ብቻ ናቸው ይላል የአይስላንዶች ጥንታዊ መጽሐፍ። የደረሱትም ላምና በግ አረቡ፣ ገብስ ዘሩ፣ ቤተ ክርስቲያን አነጹ፤ ዘር ማንዘራቸው ከ400 ዓመት በላይ ኖረበት። በ1408 እዚያው ግሪንላንድ ባለው በህቫልሴይ ቤተ ክርስቲያን ሠርግ ተደገሰ። ስለ ኑሯቸው በጽሑፍ የተረፈው የመጨረሻው አስተማማኝ ወሬ ይኸው ነው።

ታዲያ ይህን ታሪክ ይዘው «ያኔም ሞቆ ነበር፤ የዛሬው ምን ይደንቃል?» የሚሉ አሉ። መልሱ በዛፍ ግንድ ቀለበት፣ በሐይቅ ደለልና ከግግር በረዶ ተቆፍሮ በወጣ ዓምድ ላይ ተጽፏል። በ950 እና በ1250 መካከል የነበረው ሙቀት እውነት ነው፤ ፀሐይ በርታ ብላ፣ ታላላቅ እሳተ ገሞራዎችም ጋብ ብለው ነበር። ነገር ግን የአንድ ቤት ምድጃ ሲነድ ሰፈሩ ሁሉ አይሞቅም። ያኔም አንዱ አገር ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ሞቀ እንጂ ዓለም በአንድነት አልሞቀችም።

የዛሬው ሌላ ነው። በ2019 በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆነው የምድር ክፍል በ2,000 ዓመት ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የሞቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በኤሪክ ዘመን ከሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ያህሉ የነበረው ሙቀት አማቂ ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ዛሬ ከ420 አልፏል። ከራሱ ከግሪንላንድ እምብርት የወጣው በረዶም ይመሰክራል፦ ከ2001 እስከ 2011 ያሉት ዓመታት በ1,000 ዓመት ውስጥ በሙቀት ተወዳዳሪ የላቸውም።

ስለዚህ የኤሪክን ሣር መዘናጊያ አናድርገው። የያኔውን ምድጃ ያጋለችው ተፈጥሮ ናት፤ ለዛሬው የምንማግደው እኛ ነን። ማገዶውን የምንቀንሰውም እኛው ነን።