ከግድግዳ ወደ ተሸካሚ፦ በበሰለና በቀዘቀዘ ሥጋ ላይ የሚደረግ የስታርች ልባስ ታሪክ



የዛሬው ገለጻዬ ርእስ ጠባብ ሊመስል ይችላል። በስሎ በማቀዝቀዣ የሚቀመጥን ሥጋ በስታርች መለበጥ በጥራቱ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል የሚለው ጥያቄ በምግብ ሳይንስ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አንዲት አንቀጽ ቢያገኝ ነው። ይሁን እንጂ ልባሱ ይመክተዋል የተባለው ጠላት ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል። ጠላቱ ሲለወጥም የልባሱ ሥራ አብሮ መለወጥ ነበረበት፤ ይህ ግን በቶሎ አልታየም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥጋን በሌላ የሚበላ ነገር ሸፍኖ ማቆየት የቆየ ልማድ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ሥጋን በስብ መለበጥ የታወቀ ነበር። በ1869 ደግሞ ሥጋን በጄላቲን ሸፍኖ ለማቆየት የሚያስችል ዘዴ በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። በእነዚህ ዘመናት የሚፈራው መድረቅና መበስበስ ነበር። ሽፋኑም ግድግዳ ነበር፤ ውጭውን ከውጭ፣ ውስጡን ከውስጥ ያስቀራል ተብሎ የታሰበ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አስቀድሞ የበሰለ፣ ቀዝቅዞ የሚሸጥና በቤት የሚሞቅ ምግብ በአሜሪካ ተስፋፋ። ቅዝቃዜ የተሕዋስያንን ጥቃት ቢያዘገይም ሌላ እንከን አጋለጠ። በስሎ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተቀመጠ ሥጋ በ48 ሰዓት ውስጥ የከረፋ ስብ ሽታ ያመጣል፤ ጥሬው በረዶ ሆኖ ሲቀመጥ ግን ወደዚያ ለመድረስ ወራት ይፈጅበታል። በ1958 ቲምስና ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን እንከን በስም ጠሩት፤ በአማርኛ «ዳግም የመሞቅ ጣዕም» ልንለው እንችላለን። ስያሜው በመጠኑ ያሳስታል፤ ሽታው የሚወለደው በማቀዝቀዣው ውስጥ ነውና፤ ማሞቁ የሚያደርገው ገልጦ ማሳየት ብቻ ነው። በ1960 ዋትስና ባልደረቦቿ ማሎናልዲሃይድ የተባለውን የኦክሲዴሽን ውጤት በታዮባርቢቱሪክ አሲድ የሚለካ የማንጠር ዘዴ አሳተሙ። ከዚያ በኋላ የአፍንጫ ምስክርነት በቁጥር ሊደገፍ ቻለ።

የእንከኑ መንስኤ ምንድን ነው በሚለው ላይ ሐሳቡ ተለውጧል። መጀመሪያ የተጠረጠረው ማዮግሎቢን፣ ማለትም ለሥጋ ቀለም የሚሰጠው ፕሮቲን ራሱ ነበር። በ1971 ሳቶና ሄጋርቲ ጣታቸውን ከቀለሙ ውጭ ወዳለው ነጻ ብረት አዞሩ፤ በዚያው አሥርት ዓመታት የተከተሉ ጥናቶችም ይህንኑ ደገፉ። ሙቀት ብረቱን ከማዮግሎቢን ያላቅቀዋል፤ የሕዋስ ሽፋንን ያፈርስና በውስጡ ያሉትን ፎስፎሊፒዶች ለኦክስጅን ያጋልጣል። ሥጋው ከተፈጨ ደግሞ አየሩ አስቀድሞ ከመሐል ገብቷል። እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ፣ ከውጭ የሚቆም ግድግዳ ለጠብ የደረሰው ጠቡ ከተጀመረ በኋላ ነው። ቲምስና ዋትስ የተጠቀሙት ፎስፌት የረዳው ብረትን የማሰር ጠባይ ስላለው ነበር፤ መድኃኒቱ የሠራው በሥጋው ውስጥ ገብቶ እንጂ ከላይ ሸፍኖ አይደለም።

ስታርች ወደዚህ ታሪክ የገባው በሌላ በር ነው። በኢሊኖይ ግዛት፣ በፒዮሪያ ከተማ የሚገኘው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ቤተ ሙከራ ከተቋቋመባቸው ዓላማዎች አንዱ ለትርፍ የእህል ምርት አዲስ ጥቅም መፈለግ ነበር። ተመራማሪዎቹ በ1951 ከአሚሎዝ፣ ማለትም ከስታርች ቀጥተኛ ሰንሰለት ክፍል፣ ስስ ልባስ የሚሠራበትን መንገድ አሳተሙ። በ1958፣ ቲምስና ዋትስ እንከኑን ስም ባወጡለት ዓመት፣ የዚያ ልባስ ጋዝና እንፋሎት የማሳለፍ ጠባይ ተለክቶ ታተመ፤ ጋዞችን በደንብ ይገታል፣ የውሃ እንፋሎትን ግን ያሳልፋል። በሥጋ ጥራት ቋንቋ ስንተረጉመው ኦክስጅንን ከልካይ፣ መድረቅን ግን የማይከለክል ሽፋን ማለት ነው።

ተስፋው ከዚህ ተነሣ፤ ችግሩም እዚሁ ነበር። ስታርች ውሃ ወዳድ ነው። ደርቆ ሳለ ሰንሰለቶቹ በሃይድሮጅን ትስስር ተጠጋግተው ኦክስጅንን መተላለፊያ ያሳጡታል። እርጥበት ሲገባበት ሰንሰለቶቹ ይላላሉ፤ ኦክስጅንም መንገድ ያገኛል። እንዳይሰባበር የሚጨመርበት ግሊሰሮል ደግሞ ይህን መላላት ያብሰዋል። የበሰለ ሥጋ እርጥብ በመሆኑ ልባሱን የሚያፈርሰው ራሱ የሚጠበቀው ሥጋ ነው። በደረቅ አየር ተለክቶ የተመሰገነ ልባስ በሥጋ ላይ ሲውል ሌላ ልባስ ይሆናል፤ በእኔ አስተያየት ከዚህ መስክ ድካም ብዙው የባከነው ይህ ልዩነት በመዘንጋቱ ነው።

ቀጣዩ እርምጃ ስታርችን ከአልጂኔት ጋር ማዋሐድ ሆነ። አልጂኔት ከባሕር አረም የሚገኝ፣ ካልሲየም ሲነካው የሚረጋ ንጥረ ነገር ነው። በ1981 ለብቻው በበሰለ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ላይ ተፈትኖ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የስታርችና የአልጂኔት ልባስን ከሮዝመሪ ጭማቂ (እኛ የጥብስ ቅጠል የምንለው) ወይም ከቪታሚን ኢ ጋር አጣምረው በበሰለ ሥጋ ላይ ፈተኑ። በ2001 በታተመው ጥናት መድረቅን ለመግታት ስቴሪክ አሲድም ታከለ። ቪታሚን ኢ የተሸከሙት ልባሶች ካልተሸከሙት ይልቅ ኦክሲዴሽንን ገቱ። ስታርቹ በግድግዳነት ያጣውን ክብር በተሸካሚነት አገኘ ማለት ነው፤ እርጥበት ማላላቱም እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ጉዳት አይደለም፤ የያዘውን ወደ ሥጋው ገጽ እንዲለቅ ሊረዳው ይችላልና።

ይህ ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ጉዳይ ያነሣል። በ1996 የታተመ ጥናት በእንሰት ስታርች ውስጥ ያለው አሚሎዝ 29 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። በመሆኑም ከቡላ ልባስ መሥራት ለኬሚስትሪው እንግዳ አይሆንም። ይህን ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ የምትመርጡ ተማሪዎች ካላችሁ የመጀመሪያው መለኪያችሁ በደረቅ አየር የተዘረጋ ልባስ ሳይሆን፣ በ4 ዲግሪ የተቀመጠ፣ በእርጥብ የበሰለ ሥጋ ላይ ሁለት ቀን ያደረ ልባስ ይሁን፤ ከጎኑም ያው ቪታሚን ኢ ያለ ልባስ በቀጥታ የተቀባ ሥጋ ለማነጻጸሪያ ይቀመጥ።