ጎጆን በምናባዊ ዓለም ስለ መሥራት

ሊንደን ላብ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) ለሕዝብ የከፈተው ሰከንድ ላይፍ፣ ሰዎች በኮምፒዩተር ውስጥ ዕቃና ቤት የሚሠሩበት ምናባዊ ዓለም ነው። ጀማሪው አስቀድሞ የሚማረው ፕሪም የተባለውን መሠረታዊ ቅርጽ ማውጣት ነው፤ ይህም በየጐኑ ግማሽ ሜትር የሆነ፣ የእንጨት መልክ ያለው ኩብ ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን እየለወጠ ያስረዝመዋል፣ ያዞረዋል፣ መሐሉን ባዶ ያደርገዋል፣ ከሌላውም ጋር ያያይዘዋል።

በዚህ ዘዴ የቡሬንና የፍኖተ ሰላምን ባላገር ጎጆ መሥራት ቀላል ነው፤ ለግድግዳው ባዶ ሲሊንደር፣ ለጣራው ሾጣጣ ቅርጽ ይበቃል። ነገር ግን ግድግዳው ቢነሣ ጣራው በአየር ላይ ተንሳፎ ይቀራል! የባላገር ልጅ አባቱን ሲረዳ የሚማረው የዚህን ተቃራኒ ነው። ችካል ተክሎ በገመድ ክቡን ያሰምራል፣ ቋሚውን ይቀብራል፣ በማገር ያስራል፣ ከጭድ ጋር የተቦካውን ጭቃ ይመርጋል፤ ምሰሶው ካልቆመ ወራጁ የሚደገፍበት የለም።

ዛሬ ቆርቆሮ የሣሩን ክዳን እየተካ በመሄዱ፣ እንዲህ ያለው ምስል ለታሪክ ተማሪ እንደ ሰነድ ሊያገለግል ይችላል። ሆኖም ሁለት ፕሪም የጎጆውን መልክ እንጂ አሠራሩን አያቆይም። እኔ እንደሚመስለኝ እያንዳንዱ ማገርና ወራጅ ለየብቻው ተሠርቶ፣ ስሙም በባላገሩ አጠራር ተጽፎበት፣ በአሠራሩ ተራ መያያዝ ይገባዋል፤ ተራውን የሚነግሩን ደግሞ ሣር ከዳኞቹ ራሳቸው ናቸው።